በጋውን የሚሻገር ዓሣ

ሚያዝያ ላይ በመተማ ቆላ የሽንፋን ወንዝ ተከትሎ የሚወርድ ሰው አብዛኛውን መንገድ የሚሄደው በደረቅ አሸዋ ላይ ነው። ክረምት ላይ ጎርፉ እየገፋ ያመጣው ግንድ ዳር ላይ ካለው ዛፍ ቅርንጫፍ፣ ከሰው ራስ በላይ ተሰቅሎ ቀርቷል። ከሥሩ የከብት ኮቴ፣ የዝንጀሮ እግርና የሰው ዱካ ተደባልቆ ወደ አንድ አቅጣጫ ያመራል። ዱካውን የተከተለ ሰው መጨረሻው ላይ ኩሬ ያገኛል። ወንዙ ሲታጠፍ ገደሉን ቦርቡሮ በሠራው ጉድጓድ ውስጥ የቀረ፣ አረንጓዴ፣ ለብ ያለ ውኃ ነው። የወንዙ ዓሣ ሁሉ እዚያ ተሰብስቧል።

ከኩሬው ዳር አንድ የአሥራ አራት፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ክሩን ጥሎ ቁጢጥ ብሏል። ዘንግ የለውም። የናይለን ክሩን በባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ላይ ጠምጥሞ፣ ጫፉ ላይ መንጠቆና ለክብደት እንዲሆን አንድ ዳዶ አስሯል። ክሩ ሲወጠር ብድግ ብሎ እየጎተተ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ከመዳፍ እምብዛም የማትበልጥ ነጭ ዓሣ አሸዋው ላይ ወድቃ ትፈራገጣለች። አሸዋው ባዶ እግር የሚያቃጥል ነው።

«አያ፣ ትንሽ ናት፤ ልልቀቃት?» ይላል ጥላ ሥር ተቀምጦ መረቡን የሚጠግነውን ሽማግሌ።

«ልቀቃት። ግን እንደዚያ ከአሸዋ ጋር ለውሰህ ከለቀቅሃት ማታ ሆዷን ገልብጣ ታገኛታለህ። መጀመሪያ እጅህን ንከር።»

ልጁ እጁን ውኃ ውስጥ ነክሮ ያነሣታል፣ መንጠቆውን ያላቅቃል፣ ኩሬው ዳር ለጥቂት ጊዜ ደግፎ ይይዛትና ይለቃታል። ዓሣዋ ጅራቷን አንድ ጊዜ መትታ ትሰወራለች። መትረፍ አለመትረፏን ግን በዚያች አንድ የጅራት ምት ማወቅ አይቻልም። ተይዞ የተለቀቀ ዓሣ የሚሞት ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚሞተው ከዓይን ከራቀ ከሰዓታት በኋላ ነው። ሰውም ውኃ ውስጥ ሲገባ ያየውን ዓሣ ተረፈ ብሎ ይቆጥረዋል።

የተለቀቀ ዓሣ ዕጣ በብዙ አገር የጥናት ርዕስ ሆኗል። በፈረንጆች 2005 ባርቶሎሚውና ቦንሳክ የተባሉ ተመራማሪዎች እስከዚያ ድረስ ከተሠሩ ጥናቶች 274 የሞት ግምቶችን ሰብስበው ሲያሰሉ፣ ተይዘው ከተለቀቁ ዓሦች በአማካይ 18 ከመቶው እንደሚሞቱ አግኝተዋል። አማካዩ ግን ብዙ ይሸፍናል። በአንዳንዱ ቦታ አንድም አልሞተ፣ በሌላው ከግማሽ በላይ አልቋል። ልዩነቱን የሚያመጡት መንጠቆው የተሰካበት ቦታ፣ ዓሣው የታገለበት ጊዜ፣ ከውኃ ውጭ የቆየባቸው ሰከንዶችና የውኃው ሙቀት ናቸው። በመተማ ቆላ ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ነው፤ ወደ እርሱ ከመሄዴ በፊት ግን ዓሣው ሲታገል በሰውነቱ ውስጥ የሚሆነውን ማየት ያስፈልጋል።

መንጠቆ የያዘው ዓሣ የሚታገለው በነጭ ጡንቻው ነው። ይህ ጡንቻ ለአጭር ፍጥነት የተሠራ ስለሆነ ያለ ኦክስጅን ይሠራል፤ ክፍያው ግን በሰውነቱ የሚጠራቀም ላክቲክ አሲድ ነው። ያንን አሲድ ከደሙ አጥርቶ ለማስወገድ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ሙሉ ቀን ይፈጅበታል፤ ለዚህም ኦክስጅን በብዛት ያስፈልገዋል። ልክ በዚያ ሰዓት ከውኃ ሲወጣ፣ በውኃ ውስጥ እንደ ላባ ተዘርግተው የነበሩት የስንጥቡ ቀጫጭን ገጾች እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ይተኛሉ። በዙሪያው አየር ሞልቶ እያለ ዓሣው ይታፈናል። ፈርጉሰንና ታፍትስ በ1992 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሙከራ ቀስተ ደመና ትራውት የተባለውን ዓሣ እስኪደክም ካሯሯጡ በኋላ አንዱን ቡድን አየር ሳያሳዩ፣ ሌላውን ለ30 ሰከንድ፣ ሦስተኛውን ለ60 ሰከንድ ከውኃ አወጡት። በ12 ሰዓት ውስጥ ከመጀመሪያው ቡድን 12 ከመቶ፣ ከሁለተኛው 38 ከመቶ፣ ከሦስተኛው 72 ከመቶ ሞተ። ስልክ አውጥቶ ፎቶ ለመነሣት ሠላሳ ሰከንድ አይበቃም። ትራውት የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ ነውና ቁጥሩን እንዳለ ወደ ቆላ ማምጣት ስሕተት ነው፤ የሚያሳየው አቅጣጫ ግን ለአብዛኛው ዓሣ አንድ ነው።

ሽማግሌው ስለ እጅና ስለ አሸዋ የተናገረውም ምክንያት አለው። የዓሣን ገላ የሚያሙለጨልጨው ልጋግ ቆዳውን ከፈንገስና ከባክቴሪያ የሚጠብቅ ሽፋን ነው። ደረቅ እጅ፣ የጋለ ድንጋይና ሻካራ መረብ ልጋጉን ይገፉታል፤ ቁስሉም ከቀናት በኋላ ጥጥ በሚመስል ነጭ ሻጋታ ይሸፈናል። መንጠቆው ከንፈር ላይ የተሰካ ዓሣ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ጉሮሮው ድረስ የዋጠውን ዓሣ ግን መንጠቆውን መዝዞ ከማውጣት ክሩን አፉ ሥር ቆርጦ መልቀቅ ይሻለዋል፤ መዘዛው ስንጥቡንና ልብ አካባቢ ያለውን ሥር ይቀድዳልና።

የሙቀት ሒሳብ

ንጹሕ ውኃ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። በ30 ዲግሪ ወደ 7 ተኩል፣ በ35 ደግሞ ወደ 7 ይወርዳል። በተቃራኒው የዓሣው ሰውነት የሚፈልገው ኦክስጅን ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር እጥፍ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ውኃው ሲሞቅ ፍላጎቱ ይጨምራል፣ አቅርቦቱ ይቀንሳል። መተማ ዮሐንስ ከባሕር ጠለል በላይ 700 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ አየሩ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። እንዲህ ባለው ጊዜ ጥልቀት በሌለው ኩሬ ውስጥ ያለው ዓሣ ማንም ሳይነካውም በጠባብ ድንበር ላይ ነው የሚኖረው።

ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነገር እዚህ ላይ አለ። ጎህ ሲቀድ ውኃው ቀዝቃዛ ስለሆነ ዓሣ ለመያዝና ለመልቀቅ ጥሩ ሰዓት ይመስላል። በአልጌ አረንጓዴ በሆነ ኩሬ ግን ቀን ፀሐይ ሳለ ኦክስጅን የሚያመርተው አልጌ ሌሊቱን ሙሉ ራሱ ኦክስጅን ሲጠቀም ያድራል፤ ውኃው በኦክስጅን እጅግ የሚደኸየው ልክ ንጋት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ዓሦች አፋቸውን ወደ ውኃው ገጽ አውጥተው ሲያምጉ የሚታዩት ለዚህ ነው። ለመልቀቅ የተሻለው ሰዓት ፀሐይ ወጥታ አልጌው ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ ውኃው ግን ገና ሳይግል፣ ረፋዱ ላይ ነው።

ዓሣ ሁሉ ይህን ሙቀት እኩል አይችለውም። አምባዛ ከስንጥቡ በላይ ባለ ክፍተት ውስጥ እንደ ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ ያወጡ፣ ደም የሞላባቸው መተንፈሻዎች አሉት፤ በእነርሱ ከአየር ቀጥታ ይተነፍሳል፤ ገላው እስካልደረቀ ድረስ ከውኃ ውጭ ለሰዓታት ይቆያል። ከሌሎቹ ሁሉ በኋላ፣ ውኃው ጭቃ ሲሆን እንኳ የሚገኘው እርሱ ነው። በዚህ አገር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚለቀቀው እርሱ ነው፤ ቅርፊት ስለሌለው በኦሪት ሕግ የሚጸየፉት ምእመናን ወደ ውኃው ይመልሱታልና። ቆላ ላይ ተይዞ መለቀቅን ከሁሉ በተሻለ የሚችለው ዓሣ በልማድ የሚለቀቀው መሆኑ ጥሩ ዕድል ነው።

ቆሮሶ ዝቅተኛ ኦክስጅንን በደንብ ይችላል። ችግሩ ሌላ ነው። እንስቷ እንቁላሏን በአፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉም በኋላ አደጋ ሲመጣ ወደ አፏ ይመለሳሉ። መረብ ውስጥ የገባች እናት በድንጋጤ ሁሉንም ትተፋቸዋለች። እርሷ ተለቃ ብትተርፍ እንኳ ጫጩቶቹ በዚያች ደቂቃ የሌላ ዓሣ ምግብ ይሆናሉ። «ለቀቅኳት» የሚለው ቃል እውነት ቢሆንም የጠፋውን ሁሉ አይሸፍንም።

እንደ ነጭ ዓሣና እንደ ናይል ፐርች ያሉት ደግሞ ኦክስጅን በብዛት የሚሹ ናቸው፤ በትኩስ ኩሬ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ታግለው የተለቀቁ ከእነዚህ ወገን ከሆኑ የመትረፋቸው ነገር አጠራጣሪ ነው። ጥልቅ ውኃ ባለበት ሌላ አደጋ ይጨመራል፤ የናይል ፐርች የአየር ከረጢት መተንፈሻ ቀዳዳ ስለሌለው ከታች በፍጥነት ሲወጣ ከረጢቱ ይነፋል፣ ዓሣው ተመልሶ መጥለቅ ያቅተዋል። በሽንፋና በጎረቤቱ በጓንግ ወንዝ ኩሬዎች ግን ጥልቀቱ ለዚህ የሚያበቃ አይደለም። እዚህ ገዳዩ ሙቀት ነው።

ሰባ አራት ሺህ ዓመት

መተማ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከመሐዲስቶች ጋር የተደረገውን ውጊያና የአፄ ዮሐንስ አራተኛን ሞት ነው። ተገቢም ነው። ነገር ግን የዚህ ቆላ ሌላ ታሪክ፣ ከዚያ እጅግ የራቀ፣ ከዓሣ ጋር የተያያዘ ታሪክ አለ፤ በትምህርት ቤቶቻችን ሲነገር ብሰማ ደስ ይለኛል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት አንድ ጥናት ወጣ። በኦስቲን ከተማ የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጆን ካፕልማን የመራው ቡድን በሽንፋ ወንዝ ዳር፣ «ሽንፋ-መተማ 1» ተብሎ በተሰየመ ሥፍራ የቆፈረውን የሚዘረዝር ነው። በአፈሩ ውስጥ በዓይን የማይታዩ የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ ቅንጣቶች ተገኝተዋል፤ ምንጫቸው ከ74 ሺህ ዓመት በፊት በሱማትራ ደሴት የፈነዳው የቶባ እሳተ ገሞራ ነው። በሰጎን እንቁላል ቅርፊት ውስጥ የተመዘገበው የኦክስጅን ዓይነት ደግሞ በዚያን ጊዜ አካባቢው ይበልጥ መድረቁን ያሳያል።

እዚያ ሰፍረው የነበሩት ሰዎች ድርቁን ምን ብለው ተቀበሉት? ዓሣ በሉ። ከፍንዳታው በፊት በነበረው ደለል ውስጥ ከእንስሳት ቅሪት 14 ከመቶ ገደማ የነበረው የዓሣ አጥንት ከዚያ በኋላ ወደ 52 ከመቶ አደገ። ተመራማሪዎቹ የሰጡት ማብራሪያ ለማንኛውም የሽንፋ ልጅ ግልጽ ነው፤ ዝናቡ ሲያጥር ወንዙ ቶሎ ይቆራረጣል፣ ኩሬው ያንሳል፣ ዓሣው ማምለጫ ያጣል። ሰዎቹ ከኩሬ ወደ ኩሬ እየተከተሉ በልተው ድርቁን አለፉት። በሥፍራው የተገኙት ትናንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን የድንጋይ ጫፎች ለቀስት ሳይሆኑ እንደማይቀሩም ጥናቱ ይገልጻል።

እንዲህ ያለው የበጋ ኩሬ አሁንም አለ። ሳሙኤል ቤከር የተባለው እንግሊዛዊ ተጓዥ በሰኔ 1853 ዓ.ም. ጓንግ ሱዳን ውስጥ ገብቶ አትባራ በሚባልበት ሥፍራ ሰፍሮ ሳለ ያየው ይህንኑ ነበር፤ ደርቆ የተቆራረጠ ወንዝ፣ በኩሬዎቹ ውስጥ የተጨናነቀ ዓሣ፣ ጉማሬና አዞ። በመንጠቆ ትልልቅ ዓሦች አውጥቷል። ከዚያ አንድ ሌሊት ከኢትዮጵያ ደጋ የዘነበው ውኃ እንደ ነጎድጓድ እያስተጋባ ደረሰና ደረቁን አሸዋ በሰዓታት ውስጥ ታላቅ ወንዝ አደረገው። በዓመቱ ወደ መተማም መጥቷል።

ይህ ጎርፍ የዓሣው ትንሣኤ ነው። ኩሬዎቹ ይገናኛሉ፤ በሕይወት የቆዩት ዓሦች ወደ ላይ ወጥተው በጠጠርና በተጥለቀለቀ ሣር መካከል ይራባሉ። ሽንፋ በሱዳን ራሃድ ተብሎ ወደ ጥቁር ዓባይ ይገባል፤ ጓንግ በአትባራ በኩል ዋናውን ዓባይ ይቀላቀላል። ሁለቱ ጎረቤት ወንዞች ከአንድ አካባቢ ተነሥተው በሁለት መንገድ ነው ዓባይን የሚያገኙት። በአትባራ በኩል ግን መንገዱ እንደ ቤከር ዘመን ክፍት አይደለም፤ በካሽም ኤል ጊርባ የተሠራው ግድብና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የላይኛው አትባራና ሰቲት ግድብ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ይገድባሉ። ጓንግ ላይ ያለቀ ዓሣ ከሱዳን ይተካል የሚል ተስፋ አሁን ቀንሷል። የሚተካው እዚያው ኩሬ ውስጥ የተረፈው ነው።

ድምፅ ልኮ ዓሣ መፈለግ

በኩሬው የተረፈውን ለማየት ይረዳ ይሆን የሚያሰኘው፣ ሶናር የሚባለው መሣሪያ ሥራው ቀላል ነው። ከጀልባው ሥር አጭር የድምፅ ምት ይልካል፤ ድምፁ በውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ያገኘው ነገር ላይ ነጥሮ ሲመለስ መሣሪያው የፈጀውን ጊዜ ለሁለት ከፍሎ ርቀቱን ያሰላል። ሦስት ሜትር ጥልቀት ላለው ኩሬ ድምፁ ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበት ከሰከንድ አንድ ሺህኛ አራት እጅ ብቻ ነው። ከዓሣው ገላ ድምፁን በብዛት የሚመልሰው ሥጋው ሳይሆን በውስጡ ያለው የአየር ከረጢት ነው፤ ሥጋው ከውኃው ብዙ ስለማይለይ ድምፁ ያልፈዋል፣ አየሩ ግን ይመልሰዋል። በጃፓን የናጋሳኪ የፉሩኖ ወንድማማቾች ይህን ዘዴ በ1948 እ.ኤ.አ. ለዓሣ አጥማጆች የሚሸጥ መሣሪያ አደረጉት፤ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ አሜሪካዊው የላውራንስ ኩባንያ ለመዝናኛ አጥማጆች ትንሽ ሣጥን አቀረበ። ዛሬ ከክር ጫፍ ላይ ታስሮ ወደ ውኃ የሚወረወር፣ ሥዕሉን ወደ ስልክ የሚልክ በመዳፍ የሚያዝ ሶናርም ይሸጣል። ዓሣውን ሲዋኝ በቀጥታ የሚያሳዩት አዳዲሶቹ ሶናሮች ደግሞ አሜሪካ ውስጥ አጥማጆችን ለሁለት ከፍለዋል፤ ዓሣው መሸሸጊያ ካጣ ውድድሩ ፍትሐዊ ነው ወይ እያሉ ይሟገታሉ።

ይህ መሣሪያ ሽንፋ ላይ ቢመጣ ምን ያሳያል? በመጀመሪያ ደፍራሽ ውኃ አያግደውም፤ ጭቃው ብርሃንን እንጂ ድምፅን ብዙም አያቆምም። ግን የድምፁ ምት ከላይ ጠባብ ሆኖ ወደ ታች እየሰፋ ነው የሚሄደው። ለተለመደው የ20 ዲግሪ ስፋት በ12 ሜትር ጥልቀት ላይ አራት ሜትር ገደማ ወርድ ያያል፤ በሦስት ሜትር ጥልቀት ላይ ግን አንድ ሜትር ብቻ ነው። በዚህ ጠባብ መስኮት ኩሬውን በሙሉ ለማየት ብዙ መመላለስ ይጠይቃል። ከመሬቱ ጋር የተጣበቀ ዓሣ ድምፁ ከመሬቱ ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ አይለይም። በዚያ ላይ የቆላው ዋና ዓሣ አምባዛ የአየር ከረጢቱ ትንሽና በአጥንት የተሸፈነ ነው፤ ቀን ጭቃው ላይ ተኝቶ ይውላል። ውድ መሣሪያ ገዝቶ የመጣ ሰው በአምባዛ የተሞላ ኩሬ ላይ ቆሞ ባዶ ሥዕል ሊያይ ይችላል።

የሚገርመው በዓባይ ተፋሰስ ወንዞች ውስጥ ደፍራሽ ውኃን የሚመረምር ዓሣ ራሱ አለ። ሞርሚረስ የሚባለው፣ አፈ ሞጥሟጣው ዓሣ፣ ከጅራቱ ሥር ደካማ ኤሌክትሪክ እየላከ፣ ያ ኤሌክትሪክ በዙሪያው ባሉ ነገሮች ሲዛባ በቆዳው እያነበበ በጨለማ መንገዱን ያገኛል።

ሽንፋ ላይ ግን ዓሣ ለማግኘት ሶናር የሚያስፈልገው ሰው የለም። ታኅሣሥ ላይ ኩሬው ሲለይ ጀምሮ የት እንዳለ ይታወቃል፤ እረኛውም፣ የሰሊጥ ማሳ ሠራተኛውም፣ የጉሙዝ አዳኙም ያውቃል። እንዲያውም የዓሣው ትልቁ አደጋ መታወቁ ነው። የማይታወቀው የትኛው ኩሬ እስከ ሰኔ ዝናብ እንደሚደርስ ነው።

ዓብይ ጾምና ብርብራ

የዓሣ ፍላጎት በአገራችን ከፍ የሚለው በዓብይ ጾም ነው። ምእመናን በጾም ዓሣ መብላት ይገባል አይገባም እያሉ ቢለያዩም ገበያው በዚያ ወራት ይሟሟቃል። ጾሙ ደግሞ የካቲት፣ መጋቢትና ሚያዝያን የሚይዝ ነው፤ ኩሬዎቹ እጅግ ጠብበው ዓሣው እጅግ የሚጨናነቅበት ልክ ያ ጊዜ ነው። የገበያው ጫፍና የወንዙ ድካም በአንድ ወር ይገጥማሉ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የሱዳን ጦርነት ያፈናቀላቸው ብዙ ሰዎች በመተማ በኩል ገብተዋል፤ በኩመርና በአውላላ የስደተኛ መጠለያዎች ተቋቁመው ነበር። የሚበላ ሰው በጨመረበት ቆላ ወንዙ ላይ ያለው ጫና ይጨምራል፤ ለተራበ ሰው ዓሣ አትያዝ ማለትም ልብ የሌለው ምክር ነው።

መከልከል ያለበት ግን አለ። ብርብራ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ዛፍ ነው፤ ፍሬው ተፈጭቶ ውኃ ውስጥ ሲበተን ዓሣውን ያሰክራል። በፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን በስንጥቡ በኩል ገብቶ የዓሣው ሴሎች በኦክስጅን እንዳይጠቀሙ ያደርጋል፤ ዓሣው ኦክስጅን ውስጥ ሆኖ ይታፈናል። በሚፈስ ወንዝ ላይ መርዙ ታጥቦ ይሄዳል፤ በበጋ ኩሬ ላይ ግን ትንሹም ትልቁም፣ የሚበላውም የማይበላውም በአንድ ከሰዓት ያልቃል። መልቀቅ የሚባል ነገር በብርብራ የለም። በመርዝና በፈንጂ ማጥመድ ደግሞ በሕግ የተከለከለ ነው፤ የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። ደረጀ ተዋበ፣ አበበ ጌታሁንና እሸቴ ደጀን በ2002 ዓ.ም. አካባቢ ባሳተሟቸው ሥራዎች የገንዳ ውኃን፣ የጓንግን፣ የሽንፋንና የአይማን ወንዞች ዓሦችና የአጠማመዱን ሁኔታ አጥንተዋል። ስለዚህ የእነዚህ ወንዞች ጉዳይ ለባለሙያ አዲስ አይደለም።

ቸልታ የሚያስከትለውን ለማየት ወደ ጣና ማየት ይበቃል። በ1978 ዓ.ም. በጣና ላይ በሞተር ጀልባና በዘመናዊ መረብ ማጥመድ ተጀመረ። የጣና ነጭ ዓሦች በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ብዙ ዝርያዎች ያሏቸው ናቸው፤ በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ርብ የመሳሰሉ ወንዞች ይወጣሉ፤ መረቡ የጠበቃቸው በወንዞቹ አፍ ላይ ነበር። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት የነጭ ዓሦቹ ብዛት በሦስት አራተኛ፣ የግልገሎቹ ደግሞ በ90 ከመቶ እንደቀነሰ ተመራማሪዎች መዝግበዋል። ዓሣው ያለቀው በሐይቁ ስፋት ላይ ሳይሆን ሊያልፍበት የግድ በሆነው ጠባብ በር ላይ ነው። ለሽንፋና ለጓንግ ዓሣ ጠባቡ በር የሚያዝያ ኩሬ ነው።

እንግዲህ ትንሿን ዓሣ በእርጥብ እጅ መልቀቅ ጥሩ ነው፤ ልጁም ይቀጥልበት። ነገር ግን በ34 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ከመቶ ዓሣ ጋር የተጨናነቀች አንዲት ግልገል መለቀቋ ብቻውን ወንዙን አያድንም። ከመንጠቆ የዳነች ዓሣ በሳምንቱ ኩሬው ከደረቀ የተለቀቀችው ለምን ነበር? በዚህ ቆላ ትርጉም ያለው መልቀቅ አንድን ዓሣ ሳይሆን አንድን ኩሬ መልቀቅ ነው፤ ከአምስት ስድስት ኩሬ ጥልቁን መርጦ እስከ ክረምት አለመንካት። ሌሎቹ ይጠመዱ፤ በተለይ እስከ ክረምት የማይደርሱት ከመድረቃቸው በፊት ቶሎ ይጠመዱ፤ በውስጣቸው ያለው ዓሣ መሞቱ ስለማይቀር ሰው ቢበላው ይሻላል።

ሶናሩ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ዓሣ ከመቁጠር ይልቅ የኩሬውን ጥልቀት ይለካ። ተወርዋሪው ትንሽ ሶናር ጥልቀትን በሜትር ክፍልፋይ ይለካል፤ ብዙዎቹ የውኃውን ሙቀት አብረው ያነባሉ። በየካቲት መጀመሪያና በሚያዝያ መጨረሻ አንድ ኩሬ ሁለት ጊዜ ቢለካ በሁለቱ መካከል ስንት እንደወረደ ይታወቃል፤ እስከ ሰኔ የሚደርሰውም ይለያል። መሣሪያው ባይገኝ ድንጋይ የታሰረበትና በየግማሽ ሜትሩ የተቋጠረ ገመድ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ኩሬውን ማን ይጠብቀዋል የሚለው ግን በመሣሪያ አይመለስም። ኩሬው አጠገብ ያለው ቀበሌ፣ ከብቱን የሚያጠጣው አርሶ አደር፣ በአካባቢው የሚያጠምዱት ወጣቶችና የወረዳው የእንስሳትና ዓሣ ባለሙያ ተቀምጠው የትኛው እንደሚተው መስማማት አለባቸው፤ ከብት ይጠጣበታል፣ መረብና ብርብራ ግን አይገባበትም ተብሎ። በባሕር ዳር የሚገኘው የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል መለካቱንና ውጤቱን መከታተሉን ሊረዳ ይችላል።

መረቡን የሚጠግነው ሰው ልጁን ከዚያ ኩሬ በላይ ስለሚገኝ ሌላ ኩሬ ይነግረዋል፤ ገደሉ ሥር ነው፣ ውኃው ጠቁሮ ይታያል፣ ሰው ሁሉ እዚያ መረብ መጣል ይፈልጋል። «እርሱን ነው መተው የሚገባን» ይላል። በሚያዝያ መጨረሻ ገመድ ይዞ የሚለካው ሰው ቢገኝ፣ በመስከረም የቀበሌው ስብሰባ ላይ ቁጥሩ ይቀርባል፤ ለቀጣዩ ዓብይ ጾም የሚከለለው ኩሬም ከዚያ በፊት ይወሰናል።